በኢንግሊሽ ዊል ላሜራ ማጉበጥ፦ ጠርዙ ሳይወላገድ፣ ትልሙ ሳይታይ

"ላሜራው ለምን ተጣመመብኝ?"

ከጅማ የባትላሜራ ልጆች በብዛት የምጠየቀው ይህን ነው። ከአጂፕ ሰፈር ይደውሉልኛል፣ ከጅማው መርካቶ በኩል ሥራቸውን ተሸክመው ይመጣሉ። ባለፈው ሐሙስ መንገዱ በገበያተኛ ተጨናንቆ ሳለ አንድ ልጅ የአሮጌ ፒክአፕ ፓራፋንጎ ቁራጭ በጆንያ ጠቅልሎ መጣ። ጆንያውን ሲገልጠው መሃሉ ላይ በጥፍር የሚዳሰሱ ሁለት ጥልቅ መስመሮች ታዩኝ። ጠርዙ እንደ ቀሚስ ጫፍ ሞገድ ሠርቷል።

"ጋሼ፣ ብሎኑን እኮ እስኪበቃው አጥብቄዋለሁ። ለምንድነው የማይጎብጥልኝ?" አለኝ።

መልሱ እዚያው ጥያቄው ውስጥ ነበር። ኢንግሊሽ ዊል ላሜራን በሁለት ሮለር መሃል እያሳለፉ የሚያጎብጡበት የእጅ መሣሪያ ነው፤ ብሎኑ ሁለቱን ሮለሮች ያጠባብቃል። ያልጎበጠለት ብሎኑን ከልክ በላይ ስላጠበቀው ነው።

ይህን ለአንድ ለአንድ ሰው ስናገር ብዙ ጊዜ አለፈ። ስለዚህ ሁሉንም ከነምክንያቱ እዚህ ጽፌዋለሁ። መመሪያው ለጀማሪ ነው። ዊል ያለው ጋራዥ ውስጥ ለምትሠሩም ይሆናል፤ ፍሬሙን ከቱቦላሬ በይዳችሁ ሮለሩን ቶርኖ ቤት ላስወጣችሁም ይሆናል። ዊሉ በእጅ ስለሚሠራ መብራት ሲጠፋም ሥራ አይቆምም።

ዊሉ አያጥፍም፣ ይለጥጣል

ይህ ካልገባችሁ ከታች ያሉት ደረጃዎች አንዳቸውም አይገቧችሁም። እዚህ ላይ ትንሽ ቆዩልኝ።

ላሜራ ጉልበታችሁ ላይ አድርጋችሁ ብትጫኑት እንደ ቱቦ በአንድ አቅጣጫ ብቻ ይጎብጣል። ለዚህ ዊል አያስፈልግም። አሁን ደግሞ ባለ ሦስት እግሩን የጅማ በርጩማ አስቡ። መቀመጫው ከግራ ወደ ቀኝም፣ ከፊት ወደ ኋላም ጎድጓዳ ነው። ወረቀት ብታለብሱት ይጨማደዳል እንጂ አይለብስም። ፓራፋንጎም፣ ኮፈንም፣ የሞተር ሳይክል ነዳጅ መያዣም እንደዚያው በሁለት አቅጣጫ የጎበጡ ናቸው። እንዲህ ያለ ቅርጽ የሚወጣው አንዱን የላሜራ ክፍል ከሌላው አብልጦ በመለጠጥ ነው።

ሳምቡሳ የሚሠራ ሰው ሊጡን በመዳመጫ ሲዳምጥ አይታችኋል። መዳመጫው የሄደበት ይሳሳል፤ በሳሳው ልክ ይሰፋል። ዊሉም የሚያደርገው ይህንኑ ነው። ላይ ትልቅ፣ ፊቱ ዝርግ የሆነ ሮለር አለ። ታች ትንሽ፣ ወገቡ ላይ ጎበጥ ያለ ሮለር አለ። ላሜራው በሁለቱ መሃል ሲያልፍ ተጨምቆ ጥቂት ይሳሳል፣ ጥቂት ይሰፋል። መሃሉ ሰፍቶ ጠርዙ ባለበት ከቀረ፣ የሰፋው መሃል መሄጃ ያጣና ወደ ላይ ይነሳል። ጉብታ የምንለው ይህ ነው።

ምን ያህል መለጠጥ አለበት? ከምትገምቱት በጣም ያነሰ። ከታች በምንሠራው ሙከራ 40 ሳንቲም ሜትር ስፋት ያለው ላሜራ መሃሉ 3 ሳንቲም ሜትር ከፍ እንዲል እንፈልጋለን። ሲያልቅ ሜትሩን ጉብታው ላይ አልብሳችሁ ከጠርዝ እስከ ጠርዝ ብትለኩ 40.6 ሳንቲም ሜትር ገደማ ታገኛላችሁ። ልዩነቱ 6 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። የላሜራው የፊቱ ጠቅላላ ስፋት (ቁመቱ በወርዱ ሲባዛ) የሚጨምረው 2 በመቶ አካባቢ ሲሆን ውፍረቱም በዚያው ልክ ይቀንሳል። ይህቺን 6 ሚሊ ለማግኘት ብሎን በቁልፍ ማክረር ምን ያደርጋል? ቀላል ጫና፣ ብዙ ትልም። በቃ።

(ሮለሩ አንዴ ሄዶ የሚተወውን መስመር ትልም ነው የምለው። ለምን እንደሆነ ደረጃ 6 ላይ ታዩታላችሁ።)

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- 1 ሚሊ ውፍረት ያለው፣ ዝገትና ቀለም የሌለው የብረት ላሜራ፣ 45 በ45 ሳንቲም ሜትር። 0.8 ሚሊም ይሆናል። ለልምምድ ሁለት ሦስት ቁራጭ ያዙ። የጣሪያ ቆርቆሮ ግን ተዉት። ስስና ግትር ስለሆነ ከመለጠጥ ይልቅ ይጨማደዳል፤ ትክክል ብትሠሩም የተሳሳታችሁ ይመስላችኋል።
- ኢንግሊሽ ዊል ከነታችኛ ሮለሮቹ። ለመጀመሪያ ሦስት ይበቃሉ፦ ወገቡ ጥቂት የጎበጠ (የጉብጠቱ ራዲየስ 30 ሳንቲም)፣ መካከለኛ (15 ሳንቲም) እና በጣም የጎበጠ (7.5 ሳንቲም)።
- የላሜራ መቀስ፣ ሞረድ፣ ደቃቅ የብርጭቆ ወረቀት።
- ለመለኪያ የሚሆን ስስ ኮምፔንሳቶ ወይም ጠንካራ ካርቶን፣ ሲባጎ፣ ሚስማር፣ እርሳስ።
- ማርከር፣ ጠመኔ፣ ሜትር።
- አንድ ካርቦን ወረቀት። ዊሉን መፈተሻ ነው።
- ንጹሕ የጥጥ ጨርቅና ትንሽ ነጭ ጋዝ።
- እጅ ላይ ልክ የሚሆን ስስ የቆዳ ጓንት፣ የዓይን መነፅር፣ ድፍን ጫማ።
- ለጥልቅ ቅርጽ ብቻ፦ የእንጨት መዶሻና የተቦረቦረ ግንድ ወይም የአሸዋ ከረጢት።

ከመጀመራችሁ በፊት ተጠንቀቁ

ዊሉ ሞተር የለውም ብላችሁ አትናቁት። ጣት በሁለቱ ሮለሮች መሃል ከገባ ይጨፈልቃል። እጃችሁ ሁልጊዜ የላሜራው ጠርዝ ላይ ይሁን፤ ከሮለሩ ቢያንስ አንድ ስንዝር ራቁ። ሰፊ እጅጌ ሰብስቡ፣ ነጠላ ወይም ሻሽ አንገት ላይ አታንጠልጥሉ። ጓንቱ ሰፊ ከሆነ ጫፉ ቀድሞ ይገባና እጅን ይስባል። ልክ ያልሆነ ጓንት ከሌለው ይብሳል።

ዚንክ የተቀባ ላሜራ (ጋልቫናይዝድ የምንለው) ላይ ብየዳ የምትሠሩ ከሆነ ዚንኩን ከመበየጃው ቦታ አስቀድማችሁ አስወግዱ፤ የምትሠሩትም አየር በሚገባበት ቦታ ይሁን። ጭሱ ከሰዓታት በኋላ እንደ ወባ ያንቀጠቅጣል፣ ያተኩሳል።

በነጭ ጋዝ የራሰ ጨርቅ ብየዳና ግራይንደር ካለበት አርቁ።

ዊሉን መርምሩ

የተበላሸ ዊል ጥሩ እጅን ያበላሻል። አራት ነገር ብቻ እዩ።

ሮለሮቹን በመዳፍ ዳስሱ። ሮለሩ ላይ ያለች ጭረት ወይም የዝገት ጉድጓድ በእያንዳንዱ ዙር ላሜራው ላይ ትታተማለች። ደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት በዘይት ነክራችሁ አለስልሱት። ጥልቅ ከሆነ ወደ ቶርኖ ቤት ውሰዱት።

ሮለሮቹን ወደ ጎን ነቅንቁ። የሚላወስ ከሆነ ኩሽኔታው አልቋል፤ ትልሙ ቀጥ አይልም።

ካርቦን ወረቀቱን በሁለት ነጭ ወረቀት መሃል አድርጋችሁ በዊሉ ውስጥ አሳልፉ። ምልክቱ አንድ ቀጭን መስመር ሆኖ በላይኛው ሮለር መሃል መውጣት አለበት። ወደ አንድ ጎን ካጋደለ ሁለቱ ሮለሮች አልተናበቡም። እንዲያ ሆኖ ከሠራችሁ ላሜራው በአንድ ወገን ብቻ ይለጠጥና እንደ ፕሮፔለር ይጠማዘዛል።

መጨረሻ ላይ ፍሬሙን እዩ። ስታጠብቁ አፉ የሚከፈት ከሆነ ደካማ ነው። ጫናው በየቦታው እኩል ስለማይሆን ጉብታው ጎርባጣ ይወጣል። ከጀርባው ተጨማሪ ቱቦላሬ በይዱበት።

አሠራሩ፣ ደረጃ በደረጃ

1. መለኪያውን አስቀድማችሁ ሥሩ። ኮምፔንሳቶው ላይ ሚስማር ምቱ፣ 68 ሳንቲም ሜትር ሲባጎ እሰሩ፣ ጫፉ ላይ እርሳስ አስራችሁ ቅስት ሳሉ። ኮምፔንሳቶው ካልበቃችሁ ሚስማሩን ጠረጴዛው ላይ መምታት ትችላላችሁ። በዚህ ቅስት ላይ 40 ሳንቲም ቀጥታ ርዝመት ብትይዙ መሃሉ 3 ሳንቲም ከፍ ይላል። በቅስቱ ቁረጡና ጎድጓዳ የሆነውን ወገን ያዙ። እሱ ነው ጉብታው ላይ የሚቀመጠው።

ለምን አስቀድሞ? ያለ መለኪያ የሚሠራ ሰው "ትንሽ ይቀረዋል" እያለ ያልፈዋል። ያለፈን ጉብታ መመለስ አዲስ ከመሥራት ይከብዳል። የመኪና ክፍል ስትሠሩ መለኪያውን ከደህናው ወገን ውሰዱ። የግራው ፓራፋንጎ ከተጎዳ የቀኙ መለኪያችሁ ነው፤ ካርቶኑን ገልብጣችሁ ትጠቀሙበታላችሁ።

2. ላሜራውን ቁረጡ፣ ጠርዙን ሞርዱ። ከሚፈለገው መጠን በሁሉም ወገን 2.5 ሳንቲም ተርፎ ይቆረጥ። ትርፉ ለእጅ መያዣ ነው፣ የጠርዝ ስህተትም እዚያ ይቀራል። አራቱን ማዕዘን ክብ አድርጉ። ጠርዙን በሙሉ በሞረድ አለዝቡ። መቀስ የተወው እሾህ ሮለር ይጭራል፣ እጅ ይቆርጣል፤ ላሜራው ሲለጠጥም ስንጥቅ ከዚያ ይጀምራል።

3. አጽዱ። ላሜራውን በሁለቱም ፊት፣ ሮለሮቹንም ዙሪያቸውን፣ ነጭ ጋዝ በነካ ጨርቅ ጥረጉ፤ ከዚያ በደረቅ ድገሙ። አንዲት የአሸዋ ቅንጣት ከመቶ ጊዜ በላይ ታትማ ታገኟታላችሁ። ሥራ መሃልም በየጥቂቱ ጥረጉ። ብየዳ የሚሠራበት ጥግ አጠገብ ከሆናችሁ ደግሞ ይበልጥ።

4. በማርከር አስምሩ። ከጠርዝ 2.5 ሳንቲም ገባ ብላችሁ ዙሪያውን መስመር ሳሉ። ይህ አጥር ነው፤ ለጊዜው ሮለሩ ከዚህ አይወጣም። መሃሉን በመስቀል ምልክት አድርጉ። ጠርዙን ከለጠጣችሁት መሃሉ የሚነሳበት ምክንያት የለውም። ሐሙስ ዕለት የመጣው ልጅ ሮለሩን ከጠርዝ እስከ ጠርዝ ነበር የነዳው። ሞገዱ የመጣው ከዚያ ነው።

5. ሮለር ምረጡ፣ ጫናውን አስተካክሉ። ለዚህ ሙከራ ጥቂት የጎበጠውን፣ የ30 ሳንቲሙን ግጠሙ። ሕጉ እንዲህ ነው፦ ሮለሩ ሁልጊዜ ከምትሠሩት ጉብታ ይበልጥ የጎበጠ ይሁን፣ ግን በጣም አይራቅ። ሮለሩ ከጉብታው ከዘረጋ የሮለሩ ሁለት ጠርዞች ላሜራውን ይቆርጡታል። በጣም ከጎበጠ ደግሞ ጫናው በጠባብ መስመር ላይ ስለሚያርፍ ትልሙ እንደ ቦይ ይገባል።

የላሜራው የውጭ ፊት ወደ ላይ ይሁን። ጉብታው የሚነሳው ወደ ላይኛው ሮለር ነው፤ ጠርዞቹ ወደ ታች ይወርዳሉ።

አሁን ብሎኑን በጣት ብቻ አጥብቁ። ላሜራው በሮለሮቹ መሃል ሲያዝ ቁሙ። ግፉት። ሮለሮቹ ሳይንሸራተቱ አብረው ከዞሩ ሩብ ዙር ጨምሩ። ትክክለኛው ጫና የሚታወቀው በሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ ላሜራው ላይ ሮለሩ የሄደበት ቦታ በብርሃን ሲታይ ትንሽ ያብረቀርቃል፣ በጥፍር ሲዳሰስ ግን ምንም የለም። ሁለተኛ፣ ቆማችሁ በሁለት እጅ ያለ ትግል ይሄድላችኋል። ወገባችሁን አጉብጣችሁ የምትገፉ ከሆነ ጠብቋል። አላሉት።

6. ትልም አውጡ። እዚህ ደረጃ ላይ ነው ሥራው ያለው፤ ሌላው ሁሉ ለዚህ መዘጋጃ ነው።

ገበሬ ማሳውን መጀመሪያ በአንድ አቅጣጫ ያርሳል፤ ሲደግመው አግድም ያርሰዋል። ትልሙ ከትልም ጎን ለጎን ይሄዳል፣ መሃል ላይ ያልታረሰ አይተውም። እናንተም እንደዚያ ሥሩ።

ላሜራውን ከአጥሩ አንድ ጥግ አስገቡ። ቀጥ አድርጋችሁ እስከ ማዶው አጥር ግፉ። እዚያ ስትደርሱ ላሜራውን 7 ወይም 8 ሚሊ ሜትር ወደ ጎን ሸሸት አድርጉና ወደ ራሳችሁ ሳቡ። ስትመለሱ እንደገና ሸሸት። ግፉ፣ ሳቡ፣ ግፉ፣ ሳቡ። ፍጥነቱ እኩል ይሁን። ስትቸኩሉ ትልሙ ይሰፋል፤ ሲሰፋ በመሃሉ ያልተለጠጠ ጅማት ይቀራል፣ በኋላ በቀለም ውስጥ ያ ጅማት ይታያል።

ሦስት ነገር አትርሱ።

መመለሻችሁ አንድ መስመር ላይ አይሁን። አንዱን ትልም አጥሩ ጋ አቁሙ፣ ቀጣዩን 1 ሳንቲም ቀደም ብላችሁ፣ ሌላውን 2 ሳንቲም። ሁሉም እዚያው ከቆሙ የተለጠጠውና ያልተለጠጠው በአንድ መስመር ይገናኙና እንደ ዕጥፋት ያለ ጠርዝ ይሠራል።

ላሜራውን ወደ ታች አትጫኑት፣ ወደ ላይም አትስቀሉት። ጉብታው እየተፈጠረ ሲሄድ ራሱ የሚሄድበት መንገድ አለው። እጃችሁ ያንን መንገድ ይከተል፤ ስትገፉ ጫፉ ቀስ ብሎ ይወርዳል፣ ስትስቡ በናንተ በኩል ያለው ይወርዳል። በእጅ የሚጫን ሰው እያጠፈ ነው፣ እየለጠጠ አይደለም። ላሜራው "ቋ" ብሎ ከተገለበጠ አስገድዳችሁታል ማለት ነው።

ጆሯችሁን አውሱት። ትክክል ሲሄድ ድምፁ ወጥና ዝቅ ያለ ነው። መንጨርጨር ከሰማችሁ ቆሻሻ ገብቷል ወይም ኩሽኔታው ዘይት ይፈልጋል። ቁሙና እዩ።

7. ላሜራውን ሩብ ዙር አዙራችሁ ድገሙ። አሁን አዲሱ ትልም የድሮውን አግድም ይቆርጣል። በአንድ አቅጣጫ ብቻ ከሠራችሁ በዚያ አቅጣጫ ይበልጥ ይረዝምና ጉብታው እንደ እንቁላል ይሾላል። ሁለቱ አቅጣጫ አንድ ዙር ይባላል።

8. በመለኪያ ፈትሹ። ከእያንዳንዱ ዙር በኋላ፣ ሳትሰለቹ። ላሜራውን ከዊሉ አውጡ፣ መለኪያውን መሃሉ ላይ አቁሙ፣ ወደ በሩ ብርሃን አዙራችሁ እዩ። መለኪያው ጠርዞቹ ላይ አርፎ መሃሉ ላይ ብርሃን ካሳለፈ፣ መሃሉ ገና ነው። ያንን ቦታ በጠመኔ አክብቡና ቀጣዩን ዙር እዚያው ብቻ፣ በአጫጭር ትልም አውጡ። መለኪያው መሃሉ ላይ ተቀምጦ እንደ ሚዛን ግራ ቀኝ ካለ ደግሞ መሃሉ አልፏል። እዚያ ዳግም አትንኩ። በዙሪያው ያለውን ለጥጡ፤ ዙሪያው ሲሰፋ መሃሉ ይወርዳል።

መለኪያው የማያሳየውን መዳፍ ያሳያል። ጓንቱን አውልቁ፣ ስስ ጨርቅ በመዳፋችሁና በላሜራው መሃል አድርጉ፣ ጣታችሁን ዘርግታችሁ ረጅም አድርጋችሁ አሻሹ። ጨርቁ መዳፉ እንዳይጎትት ያደርጋል፤ ያኔ እብጠቱና ጉድጓዱ ብቻ ይሰማችኋል። ዓይናችሁን ብትጨፍኑ ይሻላል። እኔ አሁንም እጨፍናለሁ።

ሌላው ዘዴ ውሃ ነው። ላሜራውን በእርጥብ ጨርቅ አብሱትና በአግድም ወደ መስኮቱ ያዙት። የመስኮቱ ብርሃን እንደ መስመር ይታያል። መስመሩ የተሰበረበት ቦታ ላይ ጥፋት አለ። አይታችሁ ስትጨርሱ ወዲያው አድርቁት።

9. ጫናውን በልኩ ጨምሩ። ከሁለት ሦስት ዙር በኋላ ላሜራው ስለሳሳ ሮለሩ ይላላል። ላሜራው ስለተሠራበትም ይጠነክራል። ስለዚህ ብሎኑን ጥቂት፣ ከሩብ ዙር ያነሰ፣ ጨምሩ። የምትጨምሩት ላሜራው ከላላ ብቻ ነው። ቶሎ ይለቅልኝ ብላችሁ አይደለም።

10. ጠርዙን አስታርቁ። መሃሉ ከመለኪያው ጋር ሲገጥም ጠርዙን እዩ። ጠርዙ ተወጥሮ ወደ ውስጥ የሚሰበሰብ ከመሰለ አጥሩን ተሻግራችሁ፣ በጣም በቀላል ጫና፣ ጠርዙን ተከትላችሁ አንድ ሁለት ትልም አሳልፉ። ሞገድ ካለው ግን አትንኩት። ሞገድ ማለት ጠርዙ ረዝሟል ማለት ነው፤ ብትነኩት ይበልጥ ይረዝማል። መድኃኒቱ መሃሉን ትንሽ መጨመር ነው። ያ ቅርጹን የሚያሳልፈው ከሆነ ደግሞ ጠርዙን በመዶሻ መሰብሰብ ነው፤ ወደታች እመለስበታለሁ።

11. አለስልሱ። ዘርጋ ያለውን ሮለር (እዚህ የ30 ሳንቲሙን) ግጠሙ፣ ጫናውን ከመጀመሪያው ያነሰ አድርጉ፣ ትልሙን 4 ወይም 5 ሚሊ እያጠበባችሁ መላውን አንዴ ሂዱበት። ይህ ቅርጽ አይጨምርም። የቀደሙትን ትልሞች እርስ በርስ ያዋሕዳል። እዚህ ላይ የሚቆጥብ ሰው በኋላ ስቱኮ ያባክናል።

12. ትርፉን ቁረጡ። መጨረሻ ላይ ብቻ። ቀደም ብላችሁ ከቆረጣችሁ መያዣ ታጣላችሁ፤ የጠርዙም ውጥረት ሲለቅ ቅርጹ ሊነቃነቅ ይችላል።

ላሜራው ከአንድ ሜትር ከበለጠ ሁለት ሰው ያስፈልጋል። መሪው ግን አንድ ይሁን። ረዳቱ ክብደቱን ብቻ ይሸከም፤ አይግፋ፣ አይሳብ፣ አይምራ። ሁለቱም ከመሩ ትልሙ እንደ እባብ ይሄዳል። "አንድ ሁለት" እያለ የሚቆጥረውም መሪው ነው።

ጉብታው ጥልቅ ሲሆን

የፓራፋንጎ ጥግ፣ የሞተር ሳይክል የፊት ጭቃ መከላከያ፣ እንዲህ ያሉት በዊል ብቻ አይወጡም። ቢወጡም ላሜራው መሃሉ ላይ ወረቀት እስኪሆን ይሳሳል። ለእነዚህ መጀመሪያ መዶሻ፣ ቀጥሎ ዊል።

የጠንካራ ግንድ ጉማጅ ፈልጉ፤ ቁመቱ እስከ ጉልበት ይሁን። ራሱን እንደ ጥልቅ ሳህን ቦርቡሩት። ላሜራውን ከላይ አድርጋችሁ በእንጨት መዶሻ ወደ ጉድጓዱ ምቱት። ከውጭ ወደ ውስጥ እየተዞረ ነው የሚመታው። ጠርዙ መጨማደድ ሲጀምር አትደንግጡ፣ የሚፈለገው ነው። እያንዳንዱን ጭምዳጅ ከጫፉ ሳይሆን ከውስጥ ጀምራችሁ ወደ ውጭ በለስላሳ ምት ዝጉት። ጭምዳጁ ሳያመልጥ ሲዘጋ ብረቱ ወደ ራሱ ገብቶ ይወፍራል፣ ጠርዙም ያጥራል። ዊል የማይችለው ይህን ነው፤ ዊል መሰብሰብ አያውቅም። ጭምዳጁን አንዱ በሌላው ላይ እንዲደረብ ግን አትፍቀዱ። ከተደረበ ይሰነጠቃል።

ሲጨርስ ላሜራው እንደ ለውዝ ቅርፊት ጎርባጣ ይሆናል። ያኔ ወደ ዊሉ አምጡት። መካከለኛውን ወይም በጣም የጎበጠውን ሮለር ግጠሙ፣ በቀላል ጫና ጀምሩ። ሁለት ሦስት ዙር ላይ እብጠቶቹ መጥፋት ይጀምራሉ። ይህን ማየት እስካሁን ደስ ይለኛል።

እንደ ኮርቻ በአንድ አቅጣጫ ወደ ላይ፣ በሌላው ወደ ታች የሚጎብጥ ቅርጽ ከሆነ ነገሩ ይገለበጣል። መሃሉን ትታችሁ ሁለቱን ጠርዞች ለጥጡ።

አሉሚኒየም ለምትሠሩ አንድ ቃል። ከብረት በፍጥነት ይለጠጣል፣ በፍጥነትም ይጠነክራል። ሲጠነክር ማለስለስ ይቻላል። ደረቅ ሳሙና ፊቱ ላይ አሹበት፣ ከጀርባው እሳቱን እያንቀሳቀሳችሁ አሙቁ፣ ሳሙናው ጥቁር ቡና ሲመስል እሳቱን ወዲያው አንሱ። አሉሚኒየም እንደ ብረት ቀልቶ አያስጠነቅቅም። ንጹሑ በ660 ዲግሪ ሴልሺየስ ይቀልጣል፣ ቅይጡ ደግሞ ከዚያም ቀደም ብሎ፤ ድንገት ቀዳዳ ሆኖ ታገኙታላችሁ። ሳሙናው ምልክታችሁ ነው።

የተለመዱ ስህተቶች

*ትልሙ በጥፍር ይዳሰሳል።* ጫናው በዝቷል ወይም ሮለሩ ከመጠን በላይ ጎብጧል። ዘርጋ ወዳለው ሮለር ቀይሩ፣ አላሉ፣ አግድም ሂዱበት። ጥልቅ ካልሆነ ይጠፋል።

*ላሜራው ተጠማዘዘ፤ ጠረጴዛ ላይ ሲቀመጥ ሁለት ማዕዘኑ ብቻ ይነካል።* ትልማችሁ ወደ አንድ ማዕዘን አዘንብሏል፣ ወይም ሮለሮቹ አልተናበቡም። የካርቦን ወረቀቱን ፈተና ድገሙ። ሮለሩ ደህና ከሆነ ባልነካችሁት ሰያፍ አቅጣጫ ጥቂት ትልም አውጡ።

*መሃሉ ሲጫኑት ጠልቆ ተመልሶ ይነሳል።* መሃሉ ከዙሪያው ይበልጥ ተለጥጧል። ብዙ ሰው ይህን ሲያይ መሃሉን እንደገና ይለጥጣል። ያ አይረዳም። በመሃሉና በጠርዙ መካከል ያለውን ቀለበት ለጥጡ።

*ብዙ ዙር ሄጄ ምንም አልተለወጠም።* ላሜራው እየተንሸራተተ ነው፤ ወይም ዘይት በዝቶበታል ወይም ጫናው እጅግ ላልቷል። ጠርጋችሁ ብሎኑን ሩብ ዙር አጥብቁ።

*የተበየደ ቦታ ላይ ሮለሩ ይዘላል።* የብየዳው ጉብታ ከላሜራው ጋር እኩል እስኪሆን በሞረድ ወይም በግራይንደር ካልወረደ በላዩ አትሂዱ። ላሜራውን ብቻ ሳይሆን ሮለሩንም ይጎዳል፤ የተጎዳው ሮለር ደግሞ ቀጥሎ በምትሠሩት ሁሉ ላይ ምልክት ይተዋል።

የልጁን ቁራጭ በተመለከተ፣ ሁለቱን ጥልቅ መስመሮች ማጥፋት አልተቻለም። ብረቱ እዚያ ሳስቷል። ከተረፈው አዲስ ላሜራ ቆርጠን፣ ብሎኑን እሱ ራሱ በሁለት ጣት ብቻ እያጠበቀ፣ በስድስተኛው ዙር ከመለኪያው ጋር ገጠመለት።

ሥራ ስትጨርሱ

ብሎኑን አላሉ። ሮለሮቹ ተጨናንቀው ካደሩ ኩሽኔታው አንድ ቦታ ላይ ይጎዳል። ሮለሮቹን ጥረጉና ስስ የሞተር ዘይት ቀቧቸው። የጅማን ክረምት ታውቁታላችሁ፤ አየሩ እርጥብ ነው፣ ያልተቀባ ብረት ባደረ ማግስት ቀይ ሆኖ ይገኛል። ታችኛ ሮለሮቹን አንድ ላይ አትከምሯቸው፤ እርስ በርስ ይጫጫራሉ። እያንዳንዱን ለብቻው ዘይት በነካ ጨርቅ ጠቅልላችሁ በእንጨት ሣጥን አስቀምጡ። ጠዋት ከመጀመራችሁ በፊት ዘይቱን ጥረጉት።